ሃምስትሪንግ ከተጎዳ በኋላ ወደ ሜዳ፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ሃምስትሪንጌን፣ ማለትም የጭኔን የኋላ ጡንቻ፣ ሁለቴ ተጎድቻለሁ። የመጀመሪያውን የዕድል ነገር ነው ብዬ ልለፈው። ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ የራሴ ጥፋት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኳስ የምንጫወት የሰፈር ልጆች አለን። «ልጆች» ያልኩት ለአፍ ያህል ነው፤ አብዛኞቻችን 35 አልፈናል። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልተን እንከርምና ቅዳሜ በዚያ ብርድ ታኬታ አጥልቀን እንደ 18 ዓመት ወጣት እንበራለን። አንድ ቀን በረጅሙ የተላከች ኳስ ላይ ለመድረስ ስከንፍ፣ ቀኝ ጭኔ ከኋላ በኩል «ቋ!» አለ። በድንጋይ የተመታሁ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፋ። ደረጃ እወጣለሁ፣ ታክሲ ሮጥ ብዬ እይዛለሁ። «በቃ ድኛለሁ» ብዬ ገባሁ። 20 ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። ያው እግር፣ ያው ቦታ። በሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው እጥፍ ቤት ተቀመጥኩ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ምክር ያልሰጠኝ ሰው የለም። አንዱ ወጌሻ ጋ ሂድ ይለኛል። አንዱ ንቅንቅ እንዳትል ይላል። አንዱ መርፌ አለ፣ ሌላው ኤምአርአይ ካልተነሳህ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ሁለተኛው ጉዳት ብዙ አስነበበኝ፣ ፊዚዮቴራፒስቴንም በጥያቄ አሰለቸኋት። እዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛውን እንደምመርጥ እነግራችኋለሁ።

የትኛው ዓይነት ጉዳት ነው?

ሃምስትሪንግ አንድ ጡንቻ አይደለም። ከመቀመጫ አጥንት ተነስተው በጭን ኋላ ወርደው ከጉልበት በታች የሚያርፉ ሦስት ጡንቻዎች ናቸው። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ከኋላ ብትዳስሱ ግራና ቀኝ እንደ ገመድ የሚወጠሩት የእነሱ ጅማቶች ናቸው። በአማርኛችን ቋንጃ የሚባለው ይህ ቦታ ነው። ድሮ ጦረኞች የጠላትን ፈረስ ቋንጃ ይቆርጡ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ስንሮጥ እግራችን ወደ ፊት ይወረወራል። መሬት ከመንካቱ በፊት ፍሬን የሚይዘው ሃምስትሪንግ ነው፤ ያውም እየተለጠጠ። የሩጫ ጉዳት ባብዛኛው የሚደርሰው በዚህች ቅጽበት ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጫናው ይጨምራል። ከ80 በመቶ ወደ 100 በመቶ ሲኬድ ግን ጫናው ከፍጥነቱ በላይ ይንራል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛ ዓይነት ጉዳት አለ፤ ሳይሮጡ፣ በመለጠጥ ብቻ የሚመጣ። እግርን ወደ ላይ ወርውሮ መምታት፣ ስፕሊት መሥራት፣ ተንሸራቶ ኳስ ማስጣል ያመጡታል። ይህኛው አታላይ ነው። ሲጀምር ቀላል ይመስላል፤ ሲቆይ ግን ከሩጫው ይብሳል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ካርል አስክሊንግ በ2007 (የጥናቶቹን ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የአጭር ርቀት ሯጮችንና ዳንሰኞችን አነጻጽሮ ነበር። ሯጮቹ ወደ ቀድሞ ብቃታቸው ለመመለስ በአማካይ 16 ሳምንት ገደማ ፈጀባቸው። ሲለጠጡ የተጎዱት ዳንሰኞች ግን 50 ሳምንት። ስለዚህ ሕመማችሁ ከመቀመጫ አጥንት አጠገብ ከሆነና ስትለጠጡ የመጣ ከሆነ፣ ትዕግሥታችሁን ከወዲሁ አሳድጉ።

ቤት ሆኖ አማራጭ ማወዳደር የማያዋጣባቸው ሁኔታዎችም አሉ። መቀመጫችሁ አካባቢ ከፍተኛ የመበጠስ ድምፅ ተሰምቶ እግራችሁ መሬት መርገጥ ካቃተው፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጭናችሁ በሰፊው ከበለዘ፣ መቀመጥ ራሱ ካመማችሁ፣ እግራችሁ ከደነዘዘ፣ በቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ። ተጎጂው ገና በማደግ ላይ ያለ ታዳጊ ከሆነ ደግሞ ራጅ ያስፈልገው ይሆናል። በዚያ ዕድሜ ከጡንቻው ይልቅ ጅማቱ የተያያዘበት አጥንት ተገንጥሎ ሊነሳ ይችላል። አንዳንዴም ችግሩ ጭራሽ ጡንቻው ላይ አይደለም፤ ከወገብ የሚወርድ ነርቭ ነው። «ቋ» ሳይል፣ ቀስ በቀስ መጥቶ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ሕመም ከሆነ ይህን ጠርጥሩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት፦ መተኛት፣ ወጌሻ ወይስ ቶሎ መጀመር?

በወጌሻ ልጀምር፤ እኔም መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ ነው። የሚገርመው እኛ አገር ኳስ ላይ የቡድኑ የሕክምና ባለሙያም ወጌሻ ይባላል። ሠልጥኖ በረዶና ፋሻ ይዞ ሜዳ የሚገባውን አላልኩም። ቤቱ ሄዳችሁ ቅቤ ቀብቶ በአውራ ጣቱ የሚጨምቃችሁን ማለቴ ነው። ጡንቻ ሲቀደድ ውስጡ ይደማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥብቆ ማሸት መድማቱን ያባብሳል። በዚያ ላይ «ጅማትህ ዞሯል» ተብዬ ነበር። ጅማቴ የትም አልዞረም፤ ጡንቻዬ ነው የተቀደደው። ሙቅ ውሃና ጨውም ለእነዚህ ቀናት አይሆንም። ሳምንት ካለፈ በኋላ ለስለስ ያለ ማሳጅ ዘና ካደረጋችሁ አልከለክልም። ጡንቻውን ያጠነክራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ሙሉ እረፍትስ? የእናቴ ምርጫ ይህ ነበር። ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ፣ እግር በትራስ ላይ። ለልብ ደስ ይላል። ችግሩ ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ይሰንፋል፤ የተቀደደውን ቦታ የሚሞላው ጠባሳም ጫና ካላየ በደንብ አይደራጅም። ዴንማርክ ውስጥ በ50 አማተር ስፖርተኞች ላይ የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ሁሉም የጭን ወይም የባት ጡንቻ ጉዳት ያለባቸው ናቸው። ግማሾቹ ከጉዳቱ 2 ቀን በኋላ ማገገሚያ ጀመሩ። የቀሩት 9 ቀን ጠበቁ። የቀደሙት በ62.5 ቀን ገደማ ያለ ሕመም ወደ ስፖርታቸው ተመለሱ። የዘገዩት በ83 ቀን። ልብ በሉ፣ አንድ ሳምንት ያረፉት ሰዎች ሦስት ሳምንት ከሰሩ። ይህ ጥናት ልቤ ውስጥ የገባው ተሳታፊዎቹ እንደኛ ያሉ የሰፈር ሰዎች ስለሆኑ ነው።

እና ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ ቶሎ መጀመር። ቶሎ መጀመር ማለት ግን ቶሎ መሮጥ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መያዝ፣ በላስቲክ ፋሻ መጠቅለል፣ የሚቻለውን ያህል በእግር መራመድ ነው። በሦስተኛው ቀን ገደማ ተኝቶ ተረከዝን ወለል ላይ ተጭኖ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ ይጀመራል። ጡንቻው ሳይንቀሳቀስ ይሠራል። ቀላል ነው፣ ያሰለቻልም።

ማስታገሻን በተመለከተ፣ እንቅልፍ ከነሳችሁ ውሰዱ። ወደ ልምምድ ለመሄድ ብላችሁ ግን አትዋጡ። ሕመሙ መረጃ ነው፤ ለምን ታፍኑታላችሁ?

ማገገሚያው፦ ማሳሳብ ወይስ እያስረዘሙ ማጠንከር?

ብዙ ሰው የሚያደርገው ማሳሳብ ነው። እግርን አግዳሚ ወንበር ላይ ሰቅሎ ወደ ፊት ማጎንበስ። ሌላው ጂም ገብቶ በሆዱ ተኝቶ እግር ማጠፊያ ማሽን ላይ ይሠራል። ሁለቱም ጉዳት የላቸውም፤ ግን ጡንቻው የሚቀደድበትን ሁኔታ አይመስሉም። ጡንቻው የሚቀደደው ተለጥጦ ሳለ ጫና ሲሸከም ነው። ታዲያ መለማመድ ያለበትስ ምኑን ነው?

አስክሊንግ በ2013 ያሳተመው ጥናት ይህን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል። 75 የስዊድን ከፍተኛ ሊግ ተጫዋቾችን ለሁለት ከፈላቸው። አንዱ ቡድን የተለመደውን ማሳሳብና ማጠንከሪያ ሠራ። ሌላው ጡንቻውን እያስረዘሙ ጫና የሚሰጡ ሦስት እንቅስቃሴዎችን ሠራ። የተለመደውን የሠሩት በአማካይ በ51 ቀን ወደ ሙሉ ልምምድ ተመለሱ። እነዚያኞቹ በ28 ቀን። በዓመቱ ውስጥ ዳግም የተጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከተለመደው ቡድን። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ በአጭር ርቀት ሯጮችና በዘላዮች ላይ ሞከረው። 86 ቀን ለ49 ቀን ሆነ።

ሦስቱ እንቅስቃሴዎች ማሽን አይፈልጉም። ደስ የሚለኝም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው፦ በጀርባችሁ ተኙ። የተጎዳውን እግር ጭን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ከዚያ ጉልበታችሁን ቀስ እያላችሁ ዘርጉ፤ ሕመም ሊጀምር ሲል ቁሙና መልሱት። 12 ጊዜ፣ በሦስት ዙር፣ በቀን ሁለቴ።

ሁለተኛው፦ በተጎዳው እግር ቁሙ። ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ፣ እጆቻችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ወደ ውሃ እንደሚጠልቅ ሰው አጎንብሱ። ሌላው እግር ወደ ኋላ ይነሳል። በጣም ቀስ ብላችሁ። 6 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ቀን እየዘለላችሁ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ካልሲ አድርጋችሁ ሴራሚክ ወለል ላይ ቁሙ፤ ጠረጴዛ ያዙ። ክብደታችሁን በተጎዳው እግር ተረከዝ ላይ ጣሉ። ጤነኛውን እግር ወደ ኋላ አንሸራቱት፤ ሕመም ሊመጣ ሲል ቁሙ። ስትመለሱ በእጃችሁ ተሳቡ፣ በእግራችሁ አይደለም። 4 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየሦስት ቀኑ። የእኔ ቤት ወለል ሊሾ ሲሚንቶ ስለሆነ ካልሲው አልንሸራተት ብሎ ፌስታል ላይ ቆሜ ነው የሠራሁት። ሠርቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ትምህርት ቤቶች ይጋጫሉ። አንደኛው ቅንጣት ሕመም ከተሰማህ አቁም ይላል። ሌላው ትንሽ ሕመም ችግር የለውም ይላል። በ2020 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 43 ወንዶችን አነጻጽሯል። አንዱ ቡድን ያለ ምንም ሕመም ብቻ፣ ሌላው ከ10 4 የሚደርስ ሕመም እየታገሠ ሠራ። የመመለሻ ጊዜያቸው ብዙም አልተለያየም፤ ትንሽ የታገሡት ግን የተሻለ ጥንካሬ ይዘው ተመለሱ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አንድ ነገር ግን ጨምሬበት። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ አብዝቻለሁ ማለት ነው፤ አንድ ቀን ወደ ኋላ እመለሳለሁ። የአስክሊንግ እንቅስቃሴዎች ላይ ግን ሕመሙ በር ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው፤ እዚያ አትጀግኑ።

መርፌና ቢላዋ

ከራስ ደም ተጣርቶ ጡንቻው ላይ የሚወጋ የፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) መርፌ አለ። ዋጋው ኪስ ያራቁታል። በ2014 ኔዘርላንድ ውስጥ 80 ስፖርተኞች ላይ ተፈትኗል፤ ግማሾቹ ፕሌትሌት፣ ግማሾቹ ተራ የጨው ውሃ ተወጉ። ሁለቱም ቡድኖች የተመለሱት በ42 ቀን ገደማ ነው። ያን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ ብታውሉት ይሻላችኋል።

ቀዶ ሕክምና ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው የሃምስትሪንግ ጉዳት አይፈልገውም። ጥያቄው የሚነሳው ጅማቱ ከመቀመጫ አጥንት ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ወደ ታች ሲሸሽ ነው። ወጣትና ፕሮፌሽናል ከሆነ ቶሎ መሰፋቱ የተለመደ ነው። ለእኛ ዕድሜ ግን ነገሩ ያን ያህል የተቆረጠ አይደለም። በ2024 ከስካንዲኔቪያ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 70 የሆኑ ሰዎችን ተመልክቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በተሰፉትና ባልተሰፉት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ሐኪም «ቀዶ» ሲላችሁ ስንት ጅማት እንደተነቀለና ምን ያህል እንደራቀ ጠይቁ። ሁለተኛ ሐኪምም አማክሩ፤ ሳምንታት ግን አታባክኑ። ከተነቀለ በኋላ በቆየ ቁጥር መስፋቱ ይከብዳል።

የመመለሻውን ቀን ማን ይወስን?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ነው።

ያኔ የማንችስተር ሲቲ ተጫዋች የነበረውን ኬቨን ደ ብራይነን አስታውሱት። ሰኔ 10 ቀን 2023 (እንደ ፈረንጆቹ) ኢስታንቡል፣ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ፣ በ36ኛው ደቂቃ ቋንጃውን ይዞ ወጣ። ሁለት ወር ቆይቶ ነሐሴ 11 የፕሪሚየር ሊጉ መክፈቻ ላይ በርንሌይን ሊገጥም ገባ። 23 ደቂቃ ተጫውቶ በዚያው ጉዳት ወጣ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና፤ እስከ ጥር 2024 ሜዳ አላየም። የዓለም ምርጥ ሐኪሞች ያሉት ክለብ ነው እንግዲህ።

ቡካዮ ሳካ ደግሞ ታኅሣሥ 21 ቀን 2024 (ይህም በፈረንጆቹ) ክሪስታል ፓላስ ላይ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና አደረገ። አርሰናል ነጥብ እየጣለ፣ እኛም እዚህ ዲኤስቲቪ ቤት ፀጉራችንን እየነጨን፣ ልጁ 101 ቀን ጠበቀ። ሚያዝያ 1 ፉልሃም ላይ ተቀይሮ ገባና ብዙም ሳይቆይ አገባ። ሁለቱ ጉዳቶች አንድ ዓይነት ናቸው እያልኩ አይደለም። የማወዳድረው ጥበቃውን ነው።

ለቀን መወሰኛ ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው ካሌንደር ነው፦ «ቀላል ከሆነ ሦስት ሳምንት፣ መካከለኛ ከሆነ ስድስት።» እኔን የጣለኝ ይህ ነው። ካሌንደሩ እግሬን አያውቀውም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በታላላቅ ክለቦች ላይ ለዓመታት የሠራው ክትትል እንደሚያሳየው፣ በ2001/02 ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ የነበረው ሃምስትሪንግ በ2021/22 ወደ 24 በመቶ አድጓል። ከሃምስትሪንግ ጉዳቶች 18 በመቶው ዳግም የመጡ ናቸው። ከእነዚህም ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ተጫዋቹ በተመለሰ በሁለት ወር ውስጥ ነው የተከሰቱት።

ሁለተኛው ኤምአርአይ ነው። ጅማት ተነቅሏል ወይ የሚለውን ለመለየት ጥሩ ነው። «መግባት እችላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ግን አይመልስም። በ2014 በወጣ ጥናት፣ በሐኪም ተመርምረው ድነዋል የተባሉ 53 ስፖርተኞች ኤምአርአይ ተነሡ። 89 በመቶው ላይ ምስሉ አሁንም ጉዳት ያሳይ ነበር። ሰዎቹ ግን እየተጫወቱ ነው። ምስሉ እስኪጠራ ብትጠብቁ የውድድር ዘመኑ ያልቃል። ዋጋውን ለሚያውቅ ደግሞ ይህ ትንሽ የምሥራች ነው።

ሦስተኛው እግርን ራሱን መፈተን ነው። የምመርጠው ይህን ነው። ሕመም ከጥንካሬው ቀድሞ ይጠፋል፤ ስለዚህ «አያመኝም» ያለ ሰው ፈተናውን አላለፈም፣ ገና ለፈተናው ተመዘገበ ማለት ነው። የእኔ ፊዚዮቴራፒስት የምትጠይቀኝ እነዚህን ነበር። ጡንቻውን በጣት ስትጫነው ሕመም የለም? በጀርባ ተኝቶ ቀጥ ያለ እግር ሲነሳ እንደ ጤነኛው እኩል ይሄዳል? በሆድ ተኝቶ ተረከዜን ወደ ታች ስትገፋብኝ እንደ ጤነኛው እግሬ እቋቋማታለሁ? በአንድ እግር ድልድይ ሠርቼ፣ ማለትም ተረከዜን ወንበር ላይ አድርጌ ወገቤን እያነሳሁ፣ ሁለቱ እግሮች ተቀራራቢ ቁጥር ይቆጥራሉ? እኔ ጤነኛው 24፣ የተጎዳው 13 ነበር። ያን ጊዜ ምንም አያመኝም ነበር!

እነዚህ ሁሉ ካለፉ የመጨረሻው የአስክሊንግ ፈተና ይመጣል። ተኝታችሁ፣ ጉልበታችሁ እንዳይታጠፍ ታስሮ፣ ሌላው እግር ተይዞ፣ የተጎዳውን እግር በተቻላችሁ ፍጥነት ወደ ላይ ትወረውራላችሁ። የሚጠየቀው ሕመም ብቻ አይደለም። «ፈራህ?» ነው ጥያቄው። ስጋት ከተሰማችሁ ገና ናችሁ፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ይደገማል። ይህን ብቻችሁን ቤት አትሞክሩት፣ የሚያውቅ ሰው ይያዛችሁ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው እግሬን ግማሽ መንገድ ላይ ሳላውቀው ያዝኩት። አእምሮዬ ከጡንቻዬ ይልቅ ሐቀኛ ነበር።

መጀመሪያ ሩጫ ወይስ ኳስ?

አሁን ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁን ፍቱልኝ፤ ከ80 በመቶ በላይ ጫናው ይንራል። ስለዚህ ሶምሶማና ኳስ ለቋንጃ አንድ አይደሉም። መስከረም ላይ ተጎድታችሁ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ካጓጓችሁና ፈተናዎቹን እያለፋችሁ ከሆነ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን በዝግታ እየጨፈሩ መጨረስ ከቅዳሜ ኳስ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። መስቀል አደባባይ መድረሻው ላይ ካሜራ አይታችሁ ካልከነፋችሁ በስተቀር።

ኳስ ግን ድንገተኛ ነው። መቼ በሙሉ ፍጥነት እንደምትሮጡ የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም፤ ኳሷ ናት። ስለዚህ ሙሉ ፍጥነትን መጀመሪያ በራሳችሁ ውሳኔ፣ ተቃራኒ በሌለበት፣ ቀጥ ባለ መስመር ላይ መለማመድ አለባችሁ። እኔ እንዲህ አደረግኩ፦ 20 ሜትር ፍጥነት መጨመር፣ 20 ሜትር መያዝ፣ 20 ሜትር ቀስ እያሉ መቆም። መጀመሪያ በግማሽ ፍጥነት፣ ከዚያ 70፣ 80፣ 90። ደረጃ የምጨምረው በማግስቱ ምንም ካልተሰማኝ ብቻ ነው፣ በሁለት ልምምድ መካከልም ቢያንስ አንድ ቀን አርፋለሁ። ከ90 በኋላ ያለው ትንሽ ቁጥር ከሌላው ሁሉ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ነው ጨዋታ የሚገባው። ያቺን የመጨረሻ 10 በመቶ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሞክራታል፤ ከዚያ ዞሮ ድንጋይ የወረወረውን ይፈልጋል።

ቀጥሎ መታጠፍ፣ ድንገት መቆም፣ ኳስ መምታት። ከዚያ የቡድን ልምምድ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉ። ከዚያ 20 ደቂቃ ጨዋታ፣ ያውም መጀመሪያ ላይ ስትገቡ። መጨረሻ ላይ መግባት ብልህነት ይመስላል፤ ግን ሌላው ሰው ሞቆ እናንተ ቀዝቅዛችሁ ነው የምትገቡት።

አሜሪካ ላሉት ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ከ1984 ጀምሮ በሐምሌ መባቻ (በፈረንጆቹ) የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ደስ ይላል። ዓመቱን ሙሉ መኪና እየነዳ ከርሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታታይ ጨዋታ የሚጫወት አጎቴ አለኝ። «ውድድሩ ደርሷል» ማለት ካሌንደር ነው። እግራችሁ በግንቦት መጨረሻ 90 በመቶ ላይ ካልደረሰ፣ ዘንድሮ ቡና ይዛችሁ ዳር ቁሙ።

ከተመለሱ በኋላ

እዚህ ብዙ ምርጫ የለም። በጣም የተመሰከረለት ኖርዲክ የሚባለው እንቅስቃሴ ነው። ትንበረከካላችሁ፣ ሰው ቁርጭምጭሚታችሁን ይይዛል፣ ወገባችሁን ሳታጥፉ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት ትወድቃላችሁ፤ መጨረሻ ላይ በእጃችሁ ትቀበላላችሁ። በ2011 ዴንማርክ ውስጥ 942 ተጫዋቾች ተሳትፈዋል። የሠሩት ቡድን 15 የሃምስትሪንግ ጉዳት አስመዘገበ፤ ያልሠሩት 52። ቀደም ሲል ተጎድተው የነበሩት ላይ ጥቅሙ ከሁሉም የበለጠ ነበር።

ሲጀመር በሳምንት አንዴ፣ 5 ጊዜ በሁለት ዙር ብቻ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለቴ፤ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ። እየጨመረ እስከ 10ኛው ሳምንት ይሄዳል፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ካበዛችሁ በማግስቱ ሽንት ቤት መቀመጥ ይከብዳችኋል፤ በቀልድ አይደለም። ፊፋ በነጻ ያሰራጨው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ውስጥም ተካቷል፤ ለብቻው ሰዓት የለኝም ለሚል በዚያ ይግባ።

የእኔን ቁርጭምጭሚት የሚይዝልኝ የጎረቤቴ የ9 ዓመት ልጅ ነው። አንድ ሰው ስለማይበቃ ታናሽ ወንድሙም ጀርባው ላይ ይቀመጣል። ክፍያቸው በዙር አንድ ከረሜላ ነው፣ ሰሞኑን ሁለት ይሁንልን ብለዋል። ቅዳሜ ግን ገና ወንበር ላይ ነኝ። ድልድዩ ላይ የተጎዳው እግሬ 21 ደርሷል።